ከላሌሊ ወጥቼ ኢዝኒክ ያደርኳቸው ሦስት ሌሊቶች

ኢስታንቡል መመላለስ ከጀመርኩ ሰባት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ልብስ ነጋዴ ነኝ። እንደኔ ያለ ሰው ቱርክን የሚያውቃት በላሌሊ ሱቆች፣ በኦስማንቤይ ሾውሩሞችና በካርጎ ቤት ሚዛን ነው። ጠዋት ሞዴል ስናይ፣ ከሰዓት በዋጋ ስንከራከር እንውላለን፤ ማታ እግራችንን ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈን እንተኛለን። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ላይ ግን ያዘዝኩት ዕቃ ሦስት ቀን እንደሚዘገይ ተነገረኝ። ሆቴል ተቀምጬ ጣሪያ ከምቆጥር ከልጅነቴ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ስሟን የምሰማትን ኒቅያን ለምን አላያትም አልኩና ተነሳሁ። የዛሬ ስሟ ኢዝኒክ ነው። በቡርሳ ክፍለ ሀገር ሐይቅ ዳር ያለች፣ በወይራ እርሻ የምትተዳደር ትንሽ ከተማ ናት። ለሥራ እየተመላለሳችሁ ከኢስታንቡል ወጥታችሁ የማታውቁ ብዙ እንደሆናችሁ ስለማውቅ፣ ያየሁትንም ያጠፋሁትንም ልንገራችሁ።

መንገዱ ቀላል ነው። ከላሌሊ ቁልቁል ወደ ባሕሩ ስትወርዱ የኒካፒ ወደብን ታገኛላችሁ፤ ሻንጣ ካልያዛችሁ በእግር ይደረሳል። ከዚያ ወደ ያሎቫ የሚሻገረው ፈጣን ጀልባ የማርማራን ባሕር ከአንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ ባለ ጊዜ ያቋርጣል። ያሎቫ ላይ የኢዝኒክን ሚኒባስ ጠይቃችሁ ትሳፈራላችሁ። በብርዱ ወራት "ሎዶስ" የሚሉት የደቡብ ነፋስ ሲነሳ ግን ጀልባው ስለሚሰረዝ፣ ማታውኑ አረጋግጡ። ከተሰረዘ ከኤሴንሌር መናኸሪያ በአውቶቡስ ቡርሳ ገብቶ ከዚያ በሚኒባስ መሄድ ይቻላል፤ ረዘም ይላል እንጂ ያደርሳል።

ሚኒባሱ እንደኛ ታክሲ ረዳት የለውም። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ገንዘቡን ፊቱ ላለው ይሰጣል፣ ያም ለሚቀጥለው፣ እያለ ሾፌሩ ጋ ይደርሳል፤ መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። ሳንቲም ሲጎድል አላየሁም። ስለዚህ ዝርዝር ሊራ ያዙ። እኔ ትልቅ ኖት አውጥቼ አምስት ሰው አስቸግሬያለሁ። ይህ ሳያንስ ኦርሃንጋዚ የምትባል ከተማ ላይ ሰው ሁሉ ሲወርድ አብሬ ወረድኩ። ሚኒባሱ ጥግ ዞሮ ከጠፋ በኋላ ነው ኢዝኒክ ገና እንደሆነ የገባኝ። አንድ የዳቦ ቤት ልጅ ስልኬ ላይ የጻፍኩትን አንብቦ፣ እጄን ሊይዘኝ ምንም ሳይቀረው ቀጣዩ መኪና የሚቆምበት ድረስ ወሰደኝ። ሲመለስ አንድ ሲሚት ይዞልኝ መጣ። ሲሚት ሰሊጥ የተነሰነሰበት ክብ ዳቦ ነው። ልክፈል ብል እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ነቀነቀ። ስትሳፈሩ ለሾፌሩ "ኢዝኒክ" ብላችሁ ንገሩትና እሱ ሲያወርዳችሁ ብቻ ውረዱ።

ከኦርሃንጋዚ በኋላ መንገዱ ሐይቁን ይዞ ይሄዳል። ሐይቁ 300 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሐዋሳን ሦስት እጥፍ ብላችሁ አስቡት። በአንድ ወገን ውሃው፣ በሌላ ወገን እስከ ተራራው ወገብ ድረስ ወይራ ነው። ከዚያ ድንገት የከተማዋ ግንብ ይመጣል። ዙሪያው 5 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ፣ አራት ዋና በሮች ያሉት የሮማውያንና የቢዛንታይን ግንብ ነው። ሰዉ ከግንቡ ጋር አብሮ ይኖራል፤ አንዱ ጥግ ላይ ዶሮ ይለቃቀማል፣ ሌላው ጥግ ላይ ጎመን ተተክሏል። በደቡብ በኩል የፈረሰ ቲያትር አለ። አገረ ገዢው ፕሊኒ ከ1,900 ዓመት በፊት ለንጉሥ ትራያን፣ ይህ ቲያትር ይህን ያህል ገንዘብ ፈጅቶ ገና ሳያልቅ ይሰነጠቃል ብሎ የጻፈለት ነው። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ሊስቅበት ይችላል።

ያረፍኩት በአንዲት ስድሳዎቹን ያለፉ ሴት ቤት ነው፤ አራት ክፍል አላቸው። ቱርኮች የማያውቁትን ሰው በዝምድና ነው የሚጠሩት፦ ታላቅ እህት "አብላ"፣ ወንድም "አቢ"፣ በዕድሜ ገፋ ያለችውን "ቴይዜ"፣ ሽማግሌውን "አምጃ"። እኛም ጋሼ፣ እትዬ፣ እማማ ስለምንል አይከብደንም። እኔም ከመጀመሪያዋ ሰዓት ጀምሮ "ቴይዜ" አልኳቸው፣ እሳቸውም "ልጄ" አሉኝ፤ ከዚያ በኋላ የክፍሉን ቁልፍ የት እንደማስቀምጥ ሳይቀር የእናት ቁጣ ይቆጡኝ ጀመር።

ከቃላት ሁሉ በጣም የጠቀመኝ "ኮላይ ጌልሲን" የሚለው ነው። ሥራ ላይ ባለ ሰው አጠገብ ስታልፉ የምትሉት ነው፤ ቃል በቃል "ይቅለልህ" ማለት ነው፣ እኛ "በርቱ" እንደምንለው። መንገድ ጠራጊውን፣ ባለ ሱቁን፣ ግንብ የሚጠግነውን ሁሉ አልኳቸው። "መርሃባ" ስትሉ ቱሪስት ናችሁ፤ "ኮላይ ጌልሲን" ስትሉ ግን ሰውየው ቀና ብሎ ሌላ ሰው ያያል። ምግብ ለሠራ ደግሞ "ኤሊኒዜ ሳሊክ" ይባላል፣ እጅሽ ይባረክ ማለት ነው።

ሰው ያያችኋል። ይህን ሳልነግራችሁ ባልፍ ውሸት ይሆንብኛል። በእኔ ቆይታ በከተማዋ ሌላ ጥቁር ሰው አላየሁም። ሻይ ቤት በር ላይ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ጨዋታቸውን አቁመው እስካልፍ ድረስ ተከተሉኝ በዓይን። አንዱ "አራፕ" አለኝ። በድሮ ቱርክኛ ጥቁር ሰውን እንዲህ የመጥራት ልማድ ነበር፤ ለስድብ አላለውም፣ እኔ ግን ደስ አላለኝም። "ኢትዮጵያ" ብዬ ሳርመው ብዙ አልተገናኘንም። "ሐበሽ" ስል ግን ፊቱ በራ። "ሐበሺስታን! ቢላሊ ሐበሺ!" አለና ወንበር ጎተተልኝ። ቢላልን የማያውቅ ቱርክ የለም፤ የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ወደ ነጃሺ አገር መሰደዳቸውንም ብዙዎቹ ያውቃሉ። በፓስፖርታችን ላይ ያለው ስም ሊያደርገው ያልቻለውን ሐበሻ የሚለው አደረገው። ገበያ ውስጥ ደግሞ አንዲት ሴት ሳትጠይቀኝ ሹሩባዬን ነካች። እጇን ቀስ ብዬ አንስቼ ፈገግ አልኩ፣ እሷም ቀላች። ሌሎች ልጆች ፎቶ ሲጠይቁኝ ግን እሺ አልኩ። የማትፈልጉትን እምቢ በሉ፤ ማንም አይቀየማችሁም።

ለሴቶች አንድ ነገር፦ በየመንገዱ ያለው ሻይ ቤት የወንዶች ነው። ማንም ውጪ አይላችሁም፣ ግን ከሠላሳ ወንድ ጋር ብቻችሁን ትሆናላችሁ። ሐይቁ ዳር ያሉት የሻይ መናፈሻዎች የቤተሰብ ናቸው፤ እዚያ ተቀመጡ። ሻዩ በወገበ ቀጭን ብርጭቆ ይመጣል፣ ባዶ ሲሆን ሳትጠሩም ይሞላል። በቃኝ ለማለት ማንኪያውን በብርጭቆው አፍ ላይ አጋድሙት። ይህን የተማርኩት ከሰባተኛው ብርጭቆ በኋላ ነው።

የደረስኩ ማታ እናቴ ጋ ደወልኩ። ኒቅያ ነኝ ስላት ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ። "ዛሬ ኅዳር 9 መሆኑን ታውቂያለሽ?" አለችኝ። አላወቅሁም። ኅዳር 9 የጉባኤ ኒቅያ መታሰቢያ፣ የሠለስቱ ምዕት ቀን ነው። ለካርጎ መዘግየት ብዬ በዚያ ቀን እዚያ መገኘቴን ለእናቴ ማስረዳት አልቻልኩም፤ እሷ ማን እንዳዘገየው ታውቃለች።

በማግስቱ ጠዋት ነጠላዬን ይዤ መሀል ከተማ ወዳለው አያሶፍያ ሄድኩ። ብዙ ጎብኚ የሚሳሳተው እዚህ ነው። 318ቱ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ325 የተሰበሰቡት በዚህ ሕንፃ አይደለም፤ ያ ጉባኤ የተደረገው በንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ቤተ መንግሥት ነበር። አያሶፍያ ውስጥ የተደረገው የ787ቱ ነው፤ ያንን ደግሞ የኛ ቤተ ክርስቲያን አትቀበለውም፤ እኛ የምንቀበለው ኒቅያን፣ ቁስጥንጥንያንና ኤፌሶንን ብቻ ነው። ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ1331 ከተማዋ በኦቶማኑ ገዢ በኦርሃን ጋዚ እጅ ስትገባ መስጊድ ሆነ፣ በኋላ ሙዚየም ተደረገ፣ ከእ.ኤ.አ. 2011 ጀምሮ እንደገና መስጊድ ነው። ጫማ ማውለቅና ፀጉር መሸፈን ለኛ አዲስ ስላልሆነ ነጠላዬን ተከናንቤ ገባሁ፤ በር ላይ ለሌሎች ሻርፕ የምትሰጠዋ ልጅ የነጠላውን ጥለት እየዳሰሰች አመሰገነችው። ከፊት ለፊት ቀሳውስቱ ይቀመጡበት የነበረ በግማሽ ክብ የተሠራ የድንጋይ ደረጃ አለ፣ በአንድ ጎን ደግሞ የደበዘዘ የጌታ፣ የእመቤታችንና የዮሐንስ ሥዕል። የሶላት ሰዓት ሲደርስ ወጥታችሁ ጠብቁ፤ ድምፅ አውጥታችሁም አትጸልዩ፣ የሰው የጸሎት ቤት ነው።

ሐይቁ ጋ ያለው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ከአየር በተነሳ ፎቶ ከዳርቻው ብዙም ሳይርቅ ከውሃው ሥር የቤተ ክርስቲያን መሠረት ተገኘ። በ740 በደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሶ ውሃ እንደዋጠው፣ በሰማዕቱ ኒዮፊጦስ ስም የተሠራ እንደነበር አጥኚዎቹ ያምናሉ። ሐይቁ በድርቅ እየሸሸ በመሆኑ ድንጋዮቹ ወደ ላይ ወጥተዋል። እኔ ከሄድኩ ከዓመት በኋላ፣ ኖቬምበር 28 ቀን 2025፣ የሮማው ሊቀ ጳጳስ ሊዮ 14ኛ የጉባኤውን 1,700ኛ ዓመት ለማክበር ከቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ ጋር መጥተው የጸለዩት እዚሁ አጠገብ ነው። እኔ ስደርስ ግን ሁለት ዓሣ አጥማጅና አንድ ውሻ ብቻ ነበሩ። ቆሜ "ነአምን በአሐዱ አምላክ" የሚለውን በሹክሹክታ ጀመርኩና መሀል ላይ ጠፋኝ። በየእሑዱ ከሕዝብ ጋር የማስኬደው ጸሎት ብቻዬን ስሆን ጠፋኝ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

ሚኒባስ ውስጥ አምስት ሰው ያስቸገርኩበት ትልቁ ኖት በመጨረሻ የተዘረዘረው በዚያው ቀን፣ በሱሌይማን ፓሻ መድረሳ ግቢ ነው። መድረሳው ከኦቶማኖች የመጀመሪያዎቹ አንዱ ሲሆን፣ ክፍሎቹ አሁን የሸክላ ሠዓሊዎች ሱቅ ሆነዋል። ኢዝኒክ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ኢስታንቡል ያለውን የሱሌይማኒዬን መስጊድ ግድግዳ ያለበሰውን ሸክላ የሠራች ከተማ ናት። እነሱ "ቺኒ" ይሉታል። እኛ "ሲኒ" የምንለውም ከዚያው ነው፤ ሁለቱም "የቻይና" ማለት ናቸው። ይህን ለሠዓሊዋ ልነግራት ብዬ በእጄ የቡና ሲኒ ስሠራ እሷ ቡና የጠየቅኋት መስሏት ቡና አፈላችልኝ። ብሩሿ የድመት ጺም ያህል ቀጭን ነው። ገና ያልተተኮሰው ቀለም አመድ ይመስላል፣ ሰማያዊውና ቀዩ የሚወጣው ከእሳት በኋላ ነው። ቀዩን በጣት ብትዳስሱት ከፍ ብሎ ይሰማችኋል። ርካሹ በወረቀት የታተመ ስለሆነ ለስላሳ ነው፤ በዚህ ትለያላችሁ።

ከሰዓት በኋላ በምሥራቁ በር ወጥቼ ወደ እርሻዎቹ ሄድኩ። ኅዳር የወይራ ለቀማ ነው። አንድ ቤተሰብ ዛፍ ሥር መረብ አንጥፎ፣ ሴቶቹ በትንንሽ የፕላስቲክ መንሽ ቅርንጫፉን ሲያበጥሩት ፍሬው እንደ ዝናብ ይወርዳል። "ኮላይ ጌልሲን" አልኩ። በቃ፣ መንሽ ተሰጠኝ። እኛ አገር ወይራ የምናውቀው ዕቃ ለማጠን ነው፤ ፍሬ አለው ብለን አናስበውም። አንድ የጠቆረ ቆንጆ ፍሬ መርጬ አፌ ውስጥ ከተትኩ። ኮሶ ነው! ምላሴ ተጣበቀ። መሬት ላይ ተፍቼ ስንደፋደፍ ሴቶቹ መረቡ ላይ ተቀምጠው ሳቁብኝ። ወይራ ከዛፉ ላይ እንደማይበላ፣ በጨው ወራት መክረም እንዳለበት የሚነግረኝ አልነበረም። አሮጊቷ አፌን የማጣጥምበት ዳቦና ሻይ ሰጡኝና "ታንሪ ሚሳፊሪ" አሉኝ። ማታ ቤት ገብቼ ትርጉሙን ብፈልገው "የእግዜር እንግዳ" ማለት ሆኖ አገኘሁት።

ረቡዕ ገበያ ነው። ከቻላችሁ ረቡዕን የሚያካትት ጊዜ ምረጡ፤ ከየመንደሩ የሚመጡት ሴቶች ሮማን፣ ቢጫ ኮምጣጣ ፍሬ፣ ለውዝ፣ ቅጠላ ቅጠልና በየባልዲው ወይራ ይዘው ይቀመጣሉ። እኔ የላሌሊ አመሌ አልለቀኝም። አንዲት እናት በኪሎ ይህን ያህል ሲሉኝ በግማሽ ጠራሁ። ተራቸውን ሲጠብቁ የነበሩት ሁሉ ዞሩ። እናትዬው ከላይ እስከ ታች አዩኝና ኪሎውን መዝነው፣ አስረው፣ ገንዘቡን አልቀበልም አሉ። ድሃ መስያቸው ይሁን ተቀይመው አላወቅሁም፤ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። ጎረቤታቸው ያለችው ሴት ናት ገንዘቡን ከእጄ ወስዳ ከመሸፈኛቸው ሥር የከተተችልኝ። በእንዲህ ያለ ገበያ ዋጋው የተቆረጠ ነው፤ ክርክሩን ለኢስታንቡል ተዉት።

ያን ቀን ጾም ነበርና ጠዋት ለቴይዜ ቁርስ እንደማልበላ "ኦሩች" ብዬ ነገርኳቸው፤ ጾም ማለት ነው። ደስ አላቸው፣ ጉንጬን ሳሙኝ። ቀኑን ሙሉ ግን ውሃ እንኳ የሚሰጠኝ አላገኘሁም፤ ሻይ ልጠጣ ስል ልጃቸው በድንጋጤ አየኝ። ጀምበር ስትጠልቅ ጠሩኝ። ጠረጴዛው ላይ አይብ፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ በእርጎ የተለወሰ ሥጋ ተደርድሯል። ለእሳቸው ጾም እስከ ማታ ነው፣ ማታ ደግሞ ሁሉም ይበላል። ዓይናቸውን እያየሁ አልበላም ማለት እንዴት እንደከበደኝ! በስልክ ተርጓሚ ግማሽ ሰዓት ተነጋገርን። "ኤት ዮክ፣ ሱት ዮክ፣ ዩሙርታ ዮክ"፣ ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም አልኳቸው። "እንግዲያ ዜይቲንያሊ ነዋ የምትፈልጊው!" ብለው ተነሱ።

ለጾመኛ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ቃል ብቻ ብትይዙ ይህን ያዙ፦ ዜይቲንያሊ። በወይራ ዘይት ተሠርቶ ቀዝቅዞ የሚቀርብ ምግብ ሁሉ የሚጠራበት ስም ነው፤ ፎሶሊያ፣ በሩዝ የተሞላ የወይን ቅጠል፣ በሽንኩርትና በቲማቲም የተሞላ ደብርጃን። በብዙ የቱርክ ምግብ ቤቶች አለ። የምስር ሾርባ ግን ላዩ ላይ ቅቤ ሊፈስበት ስለሚችል ጠይቁ፤ ሩዙም ብዙ ጊዜ በቅቤ ነው የሚበስለው፤ ለዓመታት በጾም ስበላው እንደኖርኩ እዚያ ነው ያወቅሁት። የንስሐ አባቴን ነግሬያቸዋለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ስወጣ ቴይዜ በኩባያ ውሃ ይዘው ተከተሉኝ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ከኋላ አፈሰሱት፤ መንገደኛ እንደ ውሃ ሄዶ እንደ ውሃ ይመለስ የሚሉበት ልማድ ነው። መንገድ ላይ ጃንደርማ የሚሉት የገጠር ፖሊስ ሚኒባሱን አስቁሞ መታወቂያ ሰበሰበ፤ የሁሉንም ወዲያው መለሰ፣ የኔ ቆየ። ዋናው ፓስፖርት በእጄ ስለነበር በአምስት ደቂቃ አለቀ። ኮፒ ይበቃኛል ብላችሁ ዋናውን ሆቴል አትተዉት።

ወይራውን ግን አበላሸሁት። ከገበያ የገዛሁት በጨው ውሃ የተዘፈዘፈ ነበር፤ በፕላስቲክ ማሰሮ አድርጌ፣ እንዳይሰበር ብዬ በናሙና ቀሚሶች ጠቅልዬ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት። አዲስ አበባ ሻንጣውን ስከፍት ክዳኑ ለቅቆ ነበር። አሥራ ሁለት ቀሚስ፣ ሁለቱ ነጭ። ሁለት ጊዜ አጥቤያቸው እንኳ አንዷ ደንበኛ ለክታ ስታወልቅ "ይሄ ምን ምን ይላል?" አለችኝ። እናንተ ስትገዙ "ሴሌ" በሉ፤ በደረቅ ጨው የከረመ፣ ውሃ የሌለው ነው፣ ሱቆቹም አየሩን መጥጠው ያሽጉላችኋል።